ልብ ቀድሞ ይደርሳል፣ እግር ይቆያል፦ ፈረስ ለረጅም ርቀት ግልቢያ ብቁ የሚሆነው እንዴት ነው?

ጥያቄ፦ «የ6 ዓመት ዳማ ባዝራ አለችኝ። በዚህ ዓመት ሁለት የ40 ኪሎ ሜትር እና አንድ የ80 ኪሎ ሜትር የኢንዱራንስ ግልቢያ ያለ ምንም ችግር ጨርሳለች። በ80ው መጨረሻ ላይ የልብ ምቷ በ4 ደቂቃ ውስጥ ወደ 56 ወረደ፤ ወዲያውም መብላት ጀመረች። አብረውኝ የሚጋልቡት ሁሉ ለ120 ኪሎ ሜትር ዝግጁ ናት ይሉኛል። ደንቡ ግን ደረጃ በደረጃ እንድሄድ ያስገድደኛል። ይህ የብቃት ማረጋገጫ ሥርዓት የወረቀት ጉዳይ ነው ወይስ ፈረሷ በእርግጥ የምትፈልገው ነገር ነው? ከዚህ በኋላስ እንዴት ላቅድላት?»

ምላሽ፦

ጤና ይስጥልኝ። ከጻፉት እንደምረዳው ባዝራዎ መልካም ባዝራ ናት፤ እርስዎም በጥንቃቄ የያዟት ይመስላል። ከ80 ኪሎ ሜትር በኋላ በ4 ደቂቃ ውስጥ ወደ 56 የወረደ የልብ ምት ማንኛውንም የምርመራ ጣቢያ ሐኪም የሚያስደስት ቁጥር ነው። ይሁን እንጂ የጠቀሷቸው ሁለት ምልክቶች፣ ማለትም የልብ ምቱ ቶሎ መውረድና የምግብ ፍላጎቷ አለመዘጋት፣ በሥልጠና ከሁሉ ቀድመው የሚሻሻሉት ናቸው። ለ120 ኪሎ ሜትር የሚያበቃው አካል ደግሞ ከሁሉ ዘግይቶ የሚደርሰው ነው። የብቃት ማረጋገጫው ሥርዓት ዋና ሥራ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ጊዜ ማስጠበቅ ስለሆነ፣ ለጥያቄዎ አጭሩ መልስ ሥርዓቱ የወረቀት ጉዳይ አይደለም፣ 120ውም በዚህ ዓመት አይሆንም የሚል ነው።

በቅድሚያ ደንቡን ላስቀምጥ። በዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን፣ በተለምዶ ኤፍ ኢ አይ በሚባለው፣ ሥር ወደሚካሄዱ ውድድሮች ለመግባት ፈረሱም ጋላቢውም በመጀመሪያ የጀማሪ ደረጃውን ማጠናቀቅ አለባቸው። ይህም ሁለት ከ40 እስከ 79 ኪሎ ሜትር የሆኑ ግልቢያዎችንና ሁለት ከ80 እስከ 100 ኪሎ ሜትር የሆኑ ግልቢያዎችን ማለት ነው። በእነዚህ ግልቢያዎች አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት ከ16 ኪሎ ሜትር መብለጥ የለበትም፤ 80 ኪሎ ሜትሩን በጉዞ ሰዓት ከ5 ሰዓት ባነሰ ጊዜ የጨረሰ ፈረስ ቢያሸንፍ እንኳ ለማረጋገጫ አይቆጠርለትም። ከዚያ በኋላ በኮከብ የተለዩት ደረጃዎች ይመጣሉ። በአንድ ቀን ከ100 እስከ 119 ኪሎ ሜትር የሚጋለበው ባለ አንድ ኮከብ፣ ከ120 እስከ 139 ያለው ባለ ሁለት ኮከብ፣ ከ140 እስከ 160 ያለው ደግሞ ባለ ሦስት ኮከብ ነው። የታችኛውን ኮከብ ሳይጨርሱ ወደ ላይኛው አይወጡም። ዕድሜም እንደዚሁ በደረጃ የተወሰነ ሲሆን፣ ለአንድ ኮከብ ቢያንስ 6 ዓመት፣ ለሁለት 7 ዓመት፣ ለሦስት 8 ዓመት ያስፈልጋል። ስለዚህ ባዝራዎ የቀራትን አንድ የ80 ግልቢያ ብትጨርስ እንኳ በ6 ዓመቷ ልትሞክረው የምትችለው ከፍተኛው ርቀት ባለ አንድ ኮከቡ ነው። የደንቡ ዝርዝር በየጊዜው ስለሚሻሻል፣ ከመመዝገብዎ በፊት የዓመቱን እትም ማንበብ እንዳይረሱ።

«ጨረሰች» የሚለው ቃል በዚህ ስፖርት ውስጥ ጠበቅ ያለ ትርጉም አለው። መስመሩን ማቋረጥ መጨረስ አይደለም። ፈረሱ ከመጨረሻው መስመር በኋላ በ20 ደቂቃ ውስጥ የልብ ምቱ በደቂቃ 64 ወይም ከዚያ በታች ሆኖ ለሐኪሙ መቅረብ፣ ከዚያም የሰውነት ሁኔታውና አረማመዱ ተመርምሮ «ለመቀጠል ብቁ ነው» መባል አለበት። በመንገዱ መካከል ባሉት የምርመራ ጣቢያዎች የሚሰጠው ጊዜ ደግሞ 15 ደቂቃ ነው። ፈረሱ ለምርመራ እስኪቀርብ ድረስ የሚያልፈው ደቂቃ ሁሉ ከጉዞ ሰዓቱ ጋር የሚደመር በመሆኑ፣ የሚቸኩል ጋላቢ ያተረፈውን ጊዜ እዚያው ቆሞ ይመልሰዋል። አንደኛ የገባ ፈረስ በመጨረሻው ምርመራ ቢያነክስ ውጤቱ ይሰረዛል፤ ያ ግልቢያም ለብቃት ማረጋገጫ አይቆጠርም። ይህ ድንጋጌ ለእኔ የስፖርቱ ልብ ነው፤ ከፈጣኑ ፈረስ ይልቅ ነገም መሄድ የሚችለውን ፈረስ ስለሚያከብር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ፈረስ በመደበኛ ሥልጠና ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ የሚለወጠው ደሙና ልቡ ነው። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የደሙ መጠን ይጨምራል፤ በእያንዳንዱ ምት የሚገፋው ደም ይበዛል፤ ቀድሞ 160 ምት ይጠይቀው የነበረውን ዳገት በ130 ይወጣዋል። ዕረፍት ላይ ከ30 እስከ 40 ገደማ የሚመታ፣ በከፍተኛ ጥረት ደግሞ ከ220 በላይ የሚደርስ ልብ ያለው እንስሳ ስለሆነ፣ ለዚህ የሚሆን ሰፊ አቅም በተፈጥሮው ተሰጥቶታል። ጡንቻው ከልቡ ቀጥሎ በወራት ውስጥ ይከተላል። ጋላቢው በዚህ ጊዜ ከኮርቻው ላይ ሆኖ የሚሰማው ነገር ሁሉ ፈረሱ ደረሰ የሚል ነው።

አጥንቱ ግን ሌላ የጊዜ ሰሌዳ አለው። አጥንት አዲስ ጫና ሲመጣበት ራሱን ያድሳል፤ ሲያድስ ግን ወዲያው አይጠነክርም። በመጀመሪያ አሮጌው የአጥንት ክፍል ይበላል፣ ከዚያ ነው አዲሱ ቀስ ብሎ የሚሞላው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ባሉት ሳምንታትና ወራት አጥንቱ ከመሠልጠኑ በፊት ከነበረው እንኳ ሊሳሳ ይችላል። እንግዲህ አስቸጋሪውን አጋጣሚ ይመልከቱ፦ ልቡና ጡንቻው ፈረሱን እንደ ልቡ እንዲሮጥ የሚያደርጉበት ወቅት፣ አጥንቱ በእድሳት ላይ ሆኖ ዕረፍት ከሚፈልግበት ወቅት ጋር ይገጣጠማል። በጥሩ ሁኔታ ላይ ያለ የሚመስል ወጣት ፈረስ በሥልጠናው አጋማሽ ላይ ድንገት የሚያነክስበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሙሉ መጠናከር ከአንድ ዓመት በላይ ይፈልጋል፤ የጀርባ አጥንቶች ማደጊያ ክፍሎች ደግሞ ከ5ኛው ወይም ከ6ኛው ዓመት በፊት አይዘጉም።

ከጉልበት በታች በኋላ በኩል የሚወርደው ጅማት ከአጥንቱም ይብሳል። ደም በበቂ ስለማይደርሰው ሲጎዳ ቶሎ አይድንም፤ ከዳነም በኋላ እንደ ቀድሞው አይለጠጥም። በሽምጥ ግልቢያ ጊዜ የዚህ ጅማት መሐል እስከ 45 ዲግሪ ሴልሺየስ ድረስ እንደሚሞቅ ተለክቷል። በጥቃቅን ስንጥቅ የሚጀምረው ጉዳት ለዓይን ሳይታይ ይጠራቀማል። ሰኮናው ደግሞ በወር ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚያድግ፣ ከላይ የተጀመረው ግድግዳ ከፊት በኩል መሬት እስኪነካ 9 ወር፣ አንዳንዴም ዓመት ይፈጃል። ይህም ማለት ዛሬ መሬት የሚረግጠው የባዝራዎ ሰኮና የተሠራው ምናልባት ይህን ሥልጠና ከመጀመሯ በፊት ነው።

አንድ ያየሁትን ላጫውትዎ። በአንድ የ80 ኪሎ ሜትር ግልቢያ የመጨረሻ ምርመራ ላይ አንድ አምባላይ ፈረስ በ3 ደቂቃ ውስጥ 48 ምት ይዞ ቀረበልኝ። ድዱ ጽጌረዳ ቀለም፣ የሆዱ ድምፅ በአራቱም በኩል ሕያው፣ ቆዳው ተቆንጥጦ ሲለቀቅ ወዲያው የሚመለስ ነበር። ከዚያ ቀን ፈረሶች ሁሉ የተሻለ ውጤት የያዘው እርሱ ነበር። በሶምሶማ 40 ሜትር ሄዶ ሲመለስ የግራ ፊት እግሩ መሬት በነካ ቁጥር አናቱ በጣት ስፋት ያህል ከፍ ሲል አየሁ። እንደገና አስሮጥኩት፤ እንደገና አየሁት። ጎንበስ ብዬ ጅማቱን ከላይ ወደ ታች በሁለት ጣቴ ስዳብሰው፣ ከመሐሉ ትንሽ ዝቅ ብሎ አንድ ቦታ ላይ ሙቀትና የአተር ፍሬ የምታህል ማበጥ ነበረች። ባለቤቱ ወረቀቱን እያሳየ «48 እኮ ነው!» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ልቡ 48 ነበር። ያ ፈረስ በአምስት ወር ውስጥ አራት ግልቢያ አድርጎ ነበር፤ ወደ ሥራ ለመመለስ የፈጀበት ጊዜ ግን ከዓመት በላይ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስለ ፈረስ ብቃት ስጠየቅ ስለ ልብ ምት የማወራው ስለ እግር ካወራሁ በኋላ ነው።

ደረጃዎቹ ከጊዜ ሌላ የሚሰጡት ነገር ትምህርት ነው፤ እያንዳንዱ ርቀት የሚያስተምረውም የተለያየ ነው። በ40 ኪሎ ሜትር ፈረስ የሚማረው ጠባይ ነው፦ ከብዙ ፈረሶች መካከል ተረጋግቶ መነሣት፣ በማያውቀው ሰው እጅ መዳሰስን መቻል፣ በሰው እጅ ተስቦ ቀጥ ብሎ በሶምሶማ መሮጥ። በ80 ላይ ሰውነቱ መጠየቅ ይጀምራል። በ40 ላይ ትንሽ የተበራየ ፀጉር ብቻ የነበረው የኮርቻ መፋተግ እዚያ ቁስል ይሆናል። ሆድም እዚያ ይፈተናል፤ ደሙ ለረጅም ሰዓት ወደ ጡንቻና ወደ ቆዳ ስለሚሄድ አንጀቱ ሥራውን ያዘገያል፣ ከዚያ የሆድ ቁርጠት ሊከተል ይችላል። ሐኪሙ ማዳመጫውን ከጎኗ ላይ አድርጎ ዝም ብሎ የሚቆየው ይህን ለመስማት ነው።

ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ የሚመጣው ደግሞ የላብ ሒሳብ ነው፤ በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ጥሩ ፈረሶች የሚወድቁት እዚህ ነው። በሙቀት ውስጥ የሚሠራ ፈረስ በሰዓት ከ10 እስከ 15 ሊትር ላብ ሊያጣ ይችላል። የሰው ላብ ከደሙ ይልቅ ቀጭን ነው፤ ሰው ሲያልበው ከጨው ይበልጥ ውሃ ስለሚያጣ በደሙ ውስጥ ያለው ጨው ይበዛና ጥም ይቀሰቅሰዋል። የፈረስ ላብ ግን በሶዲየም፣ በክሎራይድና በፖታሲየም የበለጸገ ነው። ውሃውና ጨው አብረው ስለሚወጡ የደሙ ጨው አይበዛም፤ አንጎሉም «ጠማኝ» የሚል መልእክት አይደርሰውም። በመሆኑም ብዙ ሊትር ያጣ ፈረስ ከገንዳው አጠገብ ቆሞ ውሃውን ሊያሸተውና ሊተወው ይችላል። በመንገድ ላይ መጠጣት እንግዲህ ፈረሱ በልምድ የሚማረው ነገር ነው፤ ይህንንም ልምድ የሚያገኘው በ40ውና በ80ው ግልቢያዎች ላይ እንጂ በ120ው ቀን አይደለም። የጨው ሚዛን በጣም ሲዛባ ድያፍራሙ፣ ማለትም ከሳንባ ሥር ያለው የመተንፈሻ ጡንቻ፣ ከልቡ ምት ጋር እኩል ሲመታ፣ ጎኑ ላይ ከውጭ ሆኖ ይታያል። ይህን ያየ ሐኪም ፈረሱን ያስቆመዋል፤ ሊከራከሩትም አይገባም።

የስንቅ ጉዳይም አለ። በጡንቻ ውስጥ የተከማቸው ግላይኮጅን የተባለው የስኳር ስንቅ ሲያልቅ ፈረስ ለመሙላት 2 ወይም 3 ቀን ይፈልጋል፤ በዚህ ረገድ ከሰው በጣም ይዘገያል። በመጠነኛ ፍጥነት ለረጅም ጊዜ የተሠራ ፈረስ ስቡን እያነደደ ያንን ስንቅ መቆጠብ ይማራል። የ16 ኪሎ ሜትር ጣሪያው አንዱ ጥቅም ይህ ነው፦ ሰውነቱን በስብ መሄድን በሚያስተምረው ፍጥነት ላይ ያቆየዋል፣ እግሩንም ከሽምጥ ይጠብቀዋል። ጣሪያው እንደሚያሰለች ከብዙ ጋላቢዎች እሰማለሁ፤ እኔ ግን በደንቡ ውስጥ ካሉት ሁሉ ለፈረስ የሚራራው አንቀጽ እርሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

በምርመራው ላይ የባዝራዎን እውነተኛ ሁኔታ ለማወቅ ከአንዱ የልብ ምት ቁጥር ይልቅ የሁለቱን ልዩነት ይመልከቱ። ሐኪሙ ምቱን ይለካል፤ ፈረሷ 40 ሜትር በሶምሶማ ሄዳ ትመለሳለች፤ መሮጥ ከጀመረች ልክ በ1 ደቂቃው እንደገና ይለካል። ይህን ዘዴ ያስፋፋው አሜሪካዊው የእንስሳት ሐኪም ኬሪ ሪጅዌይ ነው። ሁለተኛው ቁጥር ከመጀመሪያው ጋር እኩል ወይም ያነሰ ከሆነ መልካም ነው። 56 ብሎ ጀምሮ 64 ላይ የቆየ ልብ ግን ድካም ወይም ሕመም ደብቆ ይሆናል፤ ሕመሙም ብዙ ጊዜ እግር ውስጥ ነው። በ80ው የምርመራ ካርድ ላይ ሁለቱም ቁጥሮች ተጽፈው ከሆነ ካርዱን ያውጡና ያስተያዩአቸው።

ሌላ ሥርዓትም መኖሩን ማወቅ ይጠቅምዎታል። እ.ኤ.አ. በ1972 የተመሠረተው የአሜሪካ የኢንዱራንስ ግልቢያ ጉባኤ በኮከብ የተከፋፈለ መሰላል የለውም። የ80 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ግልቢያዎቹ ፈረሱ ቢያንስ 60 ወር የሞላው እንዲሆን ይጠይቃሉ፤ ከዚያ በኋላ ርቀቱን የሚመርጠው ባለቤቱ ነው፣ የሚያስቆመውም የሐኪሙ ምርመራ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1955 ጀምሮ በካሊፎርኒያ ተራሮች ላይ የሚካሄደው፣ 160 ኪሎ ሜትሩ በ24 ሰዓት ውስጥ የሚጋለበው የቴቪስ ዋንጫ የዚህ ባህል አባት ነው፤ «መጨረስ ማሸነፍ ነው» የሚለው የጉባኤው መፈክርም ከዚህ መንፈስ የወጣ ነው። በዚያ ሥርዓት አስተዋይ ጋላቢዎች ደረጃውን ራሳቸው ለራሳቸው ይሠራሉ፤ ለዓመታት በ80 ላይ ቆይተው ነው ወደ 160 የሚሄዱት። ይህም የሚያሳየው መሰላሉን ደንብ ቢጽፈውም ባይጽፈውም የፈረሱ አካል እንደሚጠይቀው ነው።

ወደ ዕቅዱ ልመለስ። ከእያንዳንዱ ግልቢያ በኋላ ኤፍ ኢ አይ የሚያስገድደው ዕረፍት አለ፦ እስከ 54 ኪሎ ሜትር ለሄደ ፈረስ 5 ቀን፣ ከዚያ በላይ እስከ 106 ለሄደ 12 ቀን፣ እስከ 126 ለሄደ 19 ቀን፣ እስከ 146 ለሄደ 26 ቀን፣ ከዚያ ለበለጠ 33 ቀን። ፈረሱ ባይጨርስም የሄደው ርቀት ይቆጠራል። እነዚህ ቀኖች ዝቅተኛው ወሰን እንጂ ምክር አይደሉም። እኔ ለወጣት ባዝራ ከ80 ኪሎ ሜትር በኋላ 2 ሙሉ ሳምንት በግጦሽ ላይ፣ ከዚያ 2 ሳምንት ቀላል ሥራ እሰጣለሁ። ሁለተኛውን የ80 ግልቢያ ከመጀመሪያው ቢያንስ ከ2 ወር በኋላ ያድርጉት፤ ከተቻለም መሬቱ ከመጀመሪያው የተለየ፣ ድንጋያማ ወይም ዳገታማ ይሁን። ያንን በንጹሕ ውጤት ከጨረሰች ክረምቱንና ብርዱን ለእግሯ ይተዉላት። በ7ኛ ዓመቷ መጀመሪያ 100 ኪሎ ሜትሩን፣ ሌላ አንድም ጨምረው፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ 120ውን ማሰብ ይችላሉ። ደንቡ ከዚህ ፈጥነው እንዲሄዱ ቢፈቅድልዎት እንኳ እኔ አልመክርም።

በሥልጠና ላይ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይጨምሩ። ርቀቱን ባረዘሙበት ወር ፍጥነቱ ባለበት ይቆይ፤ ዳገት ባስገቡበት ወር ርቀቱ አይርዘም። በሳምንት 3 ወይም 4 ቀን ሥራ፣ ከእነርሱም አንዱ ረጅም ከሆነ ይበቃል። የውድድሩን ርቀት በቤትዎ ሙሉ በሙሉ መጋለብ አያስፈልግም፤ 40 ኪሎ ሜትሩን በጥሩ ሁኔታ የምትሠራ ባዝራ 80ውን ከውድድሩ ላይ ትማረዋለች። ጫማ የሚመታላትን ባለሙያ ቀጠሮ ከግልቢያው ዋዜማ ያርቁት፤ ሳምንት ቀድሞ የተመታ ጫማ ችግሩን አስቀድሞ ያሳያል።

ከሁሉ በላይ ግን ጠዋት ጠዋት እጅዎን ይጠቀሙ። ከረጅም ግልቢያ ማግስት፣ ከመመገቧ በፊት፣ አራቱንም እግር ከጉልበት እስከ ሰኮና በባዶ እጅ ይዳብሱ። የግራውን ከቀኙ ያወዳድሩ፤ ሙቀት፣ ማበጥ፣ ስትነካ የምታሸሸው ቦታ ካለ ይጻፉት። ከሰኮናዋ በላይ ከኋላ በኩል ያለውን የደም ሥር ምት በጣት ይፈልጉ፤ በጤነኛ እግር ላይ በጭንቅ የሚገኝ ነው፣ ጎልቶ የሚመታ ከሆነ ሰኮናው ውስጥ ችግር አለ። ከዚያ በደረቅ መሬት ላይ ቀጥ ብላ በሶምሶማ ስትሮጥ ሌላ ሰው ይያዝልዎትና እርስዎ ከፊትና ከኋላ ሆነው ይመልከቷት። ይህን በየግልቢያው ማግስትና በሦስተኛው ቀን እየደጋገሙ በደብተር ይያዙ።

ሁለተኛውን 80 ከጨረሰች በኋላ ያ ደብተር ለሦስት ተከታታይ ወራት ቀዝቃዛና እኩል እግሮችን ብቻ ካሳየ፣ ለ100 ኪሎ ሜትሩ ይመዝግቧት። አንድ ጠዋት እንኳ ሙቀት ከጻፉበት ግን ሐኪም አልትራሳውንድ እስኪያደርግላት ድረስ ምዝገባውን ያቆዩት።